ያልደረቀው ሙጫ

ሙሉሸዋ የጋሽ ጎበናን ምሳ በሳህን ይዛ ወደ ጀልባዋ ስትወጣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። የሐምሌ ፀሐይ የጀልባዋን ወለል አግሎት በጫማ እንኳ ይፋጃል። ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር ወዳለችው ጠባብ ጓዳ የሚያስገባው ክዳን ተዘግቷል። ሽማግሌው ዋና ጠጋኝ ስድስት ሰዓት ላይ «የቀላቀልኩት ሙጫ አይጠብቀኝም፤ ለጥፌው እመጣለሁ» ብለው የገቡት በዚያ ነበር።

«ጋሽ ጎበና» ብላ ጠራች። በአንድ እጇ ሳህኑን እንደያዘች በሌላው ክዳኑን ሳበችው። ጠርዙ ላይ ያለው ሙጫ እንደ ማስቲካ እየተለጠጠ ትንሽ ያዘውና ተከፈተ። የታፈነ ሙቀትና የሙጫ ማስለቀቂያው የአሴቶን ሽታ ፊቷን መታት።

ጋሽ ጎበና ከክዳኑ በታች ተኮራምተው ሞተዋል። መዳፎቻቸው ተልጠዋል።

ሳህኑን አልጣለችውም። ቀስ ብላ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው፤ የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። ጩኸቷን የሰሙት ሦስቱ ሠራተኞች ከተኙበት ጥላ እየተደናበሩ መጡ።

የጀልባ መጠገኛው ግቢ አል ዐዚዚያ ባሕር ዳር ላይ ነው፤ ባለቤቱ አቡ ነዋፍ ይባላል። ሙሉሸዋ ቤቱ ውስጥ ከተቀጠረች ስድስት ዓመቷ ነው። ለማዳም ታበስላለች፤ ቀን ቀን ደግሞ የሠራተኞቹን ምሳ ታመጣለች። ከዚያ በፊት በአገሯ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። ጨርቁን ብርሃን ላይ ዘርግታ የተሳሳተውን ክር ስታይ፣ የሸማኔውን ስም ሳትጠይቅ ታውቅ ነበር። ይህ ዓይን ሳውዲ ውስጥ ሩዝ ከመልቀም በቀር ብዙም አላገለገላትም።

አቡ ነዋፍ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ሬሳውን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። እሱም ፈርቷል። መንግሥት ወረቀት ለሌላቸው የሰጠው የምሕረት ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው ሠራተኛ አንድም የለም።

«የክዳኑን ጠርዝ ዛሬ ማን ነው የሠራው?» ሲል ጠየቀ።

ሁሉም ወደ ዳግም ዞሩ። ዳግም የሙሉሸዋ የእህት ልጅ ነው። በየመን በኩል ሲመጣ ሞትን ሁለት ጊዜ አይቷል። አሁን ከአገር የመውጫ ፈቃዱ፣ የኹሩጅ ወረቀቱ፣ በኪሱ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬቱ ለሐሙስ ተቆርጧል። የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ዳግም። «ግን አራት ሰዓት ላይ ጨርሻለሁ። ደርቆ ነበር።»

«አውቆ አይደለም» አለ ከፈለኝ፣ የፋይበርግላስ ጨርቅ የሚያለብሰው ሠራተኛ፤ በሐዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ። «ሙጫ አብዝቶ አፍስሶ ይሆናል። ወርዶ ክዳኑን አጣብቆባቸው ነው። ልጁን አትቆጡት።»

«አውቆም ሆነ ሳያውቅ ለፖሊስ አንድ ነው» አለ አቡ ነዋፍ። «አንድ ሰው ካልሰጠኋቸው ሁላችሁንም ይወስዳሉ። እኔንም ጭምር።»

የአቡ ነዋፍ ሹፌር ዳግምን ግቢው ውስጥ ወዳለው ኮንቴይነር ወስዶ ቆለፈበት። ሙሉሸዋ ለእህቷ ምን ብላ ትደውላለች? ደግሞ በካፊሏ፣ በአሠሪዋ በአቡ ነዋፍ፣ ፊት አፏን ከከፈተች «ጠፍታብኛለች» ብሎ ሁሩብ ሊያስመዘግባት ይችላል። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ቢሆንም ቀርባ በዐረብኛ ለመነችው።

«ባባ፣ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ብቻ ጊዜ ስጠኝ። ልጁ አልገደለም።»

አቡ ነዋፍ አያት። ባለፈው ዓመት የማዳምን መድኃኒት ከብልቃጥ ብልቃጥ የቀያየረው ማን እንደሆነ ያወቀችው እሷ ነበረች።

«ሰግጄ ስመለስ እደውላለሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ ኸላስ።»

አንድ ሰዓት ያህል ነበራት። መጀመሪያ ወደ ክዳኑ ተመለሰች። የጠርዙን ሙጫ በጣቷ ነካችው፤ ተጣበቀባት። ከክዳኑ አጠገብ አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ተደፍታለች። ይህ የጋሽ ጎበና ሥርዓት ነበር። ሙጫ የቀላቀለ ሰው የተረፈውን ከነኩባያው ሥራው አጠገብ ያስቀምጣል፤ እስኪደርቅ ማንም አይነካውም። «ምስክር» ይሉት ነበር። የዳግምን ምስክር አንስታ ከጀልባዋ ጎን ጋር አጋጨችው። ውስጡ የቀረው ሙጫ እንደ ድንጋይ ጮኸ።

ቀጥሎ ክዳኑ የሚቆለፍበትን የብረት ቀለበት አየች። ቁልፍ የለውም፤ ግን ውስጡ አዲስ ጭረት አለ። ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ ያብረቀርቃል።

ኮንቴይነሩ በር ላይ ቆማ ዳግምን ጠየቀችው።

«እንዴት ነው የቀላቀልከው?»

«ሁለት እጅ ዋናው ሙጫ ሬዚን፣ አንድ እጅ ማድረቂያ። ጋሽ ጎበና ሌላ ልክ አያውቁም፣ አክስቴ። ጠርዙንም በጥፍራቸው ጭረው አይተውልኛል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሊያርዱኝ ነው?»

«ዝም በል» አለችውና ወደ ጣውላው ክምር ሄደች።

አናጢው ኑርዲን ከጣውላው ክምር ጀርባ ቁጭ ብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋል። የወሎ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም።

«የት ነበርክ ኑርዲን?»

«እዚሁ ተኝቼ ነበር እትዬ። የኮንቴይነሩ ኤሲ ሲጮህ ምን ይሰማል? ወላሂ ምንም አልሰማሁም።»

«ጋሽ ጎበና ሰሞኑን ምን ያስቡ ነበር?»

ኑርዲን ዙሪያውን ቃኘ። «የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባ። ባለፈው ወር ከሥሯ የተለጠፈው ባሕር ላይ ተገንጥሎ አንድ ሕንዳዊ ሞቷል አይደል? ጀልባዋ የተጠገነችው ጋሽ ጎበና ታመው በተኙበት ሳምንት ነው። ማን እንደጠገናት ሲጠይቁን ሁላችንም ካድን። እኔ እውነቴን ነው። ግን ማን ያምነኛል?»

ሙሉሸዋ አስታወሰች። የሌሎቹን ምሳ ስታቀርብ፣ ጋሽ ጎበና ወደ ጓዳዋ ከመግባታቸው በፊት፣ ሁሉም እየሰማ «ዛሬ ከሥራ በኋላ ያን ሰው አነጋግሬ ነገሩን እጨርሳለሁ» ብለዋት ነበር። ያኔ ልብ አላለችውም።

ከፈለኝን ያገኘችው ጣቶቹን በአሴቶን ሲያሽ ነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ጨርቅ የሚደመድምበት ሮለር ከበስተጀርባው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የብረት እጀታው መሐሉ ላይ ጎብጧል።

«ሮለርህ ምን ሆነ?»

«ወድቆብኝ ነው።»

«ጠዋት ስትሠራበት ደህና ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ወደቀ እትዬ ሙሉ። በዚህ ቀን ስለ ሮለር ይወራል?»

«ሙጫስ ትቀላቅላለህ?»

«እዚህ አይፈቅዱልኝም። የእኔ ሥራ ጨርቅ ማልበስ ነው። ድሮ የውሃ ታንከር የሚሠራበት ቤት ሳለሁ ግን ስቀላቅል ነው የኖርኩት። ለእኔ አዲስ አይደለም።»

በመጨረሻ የጋሽ ጎበናን የዕቃ ሣጥን ከፈተች። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ «የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ» ተብሎ የተጻፈበት የፋይበርግላስ ቁራጭ አገኘች፤ ጋዜጣው ተጣብቆበታል። አጠገቡ በእስክሪብቶ ሁለት መስመር የተሰመረበት አዲስ ኩባያ አለ። በላዩ የተጻፈውን አነበበች። እዚያው ቆማ እንባዋን በሻሽዋ ጠረገችና ሁለቱንም ምሳ በምታመጣበት ዘንቢል ውስጥ ከተተቻቸው።

አሁን ያወቀችውን ያህል አውቃለች፤ ግን የቤት ሠራተኛ ዐወቅሁ ብትል ማን ይሰማታል? አቡ ነዋፍ በገዛ ጣቱ መንካት አለበት። ሹፌሩን ለምና ዳግምን አስወጣችውና ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ስሙኝ» አለች። «ከፈለኝ ሙጫው ነው ክዳኑን የያዘው ብሏል። ይህ ሙጫ በዚህ ፀሐይ ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ቃሉ ልክ ነው፤ ነገሩም አደጋ ይባላል። ባባ ሳይመለስ መድረቅ አለበት። እያንዳንዳችሁ እንደምታውቁት ቀላቅላችሁ በቁራጭ ጣውላ ላይ ቀቡልኝ።»

ዳግም ሁለት እጅ፣ አንድ እጅ ብሎ ለካ። ኑርዲን የጣውላ ማያያዣ ሲቀላቅል እንደሚያደርገው ኩባያውን እስከ ዓይኑ ከፍ አድርጎ ለካ። ከፈለኝ ሬዚኑን አፈሰሰ፤ ማድረቂያውንም ጨመረ። ሙሉሸዋ አልፋው ስትሄድ ከፈለኝ ዙሪያውን አየና የማድረቂያውን ጠርሙስ እንደገና ዘቀዘቀው። ሦስቱ ጣውላዎች ፀሐይ ላይ ተደረደሩ። ከዚያ በኋላ የተረፈው መጠበቅ ነበር፤ መጠበቁ ከሁሉም ይከፋ ነበር። አዛን ሲሰማ ኑርዲን እዚያው ሰገደ። ዳግም የኹሩጅ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አየና መልሶ ከተተው።

አቡ ነዋፍ ስልኩን በእጁ ይዞ ተመለሰ።

«ባባ፣ ከመደወልህ በፊት እነዚህን ሦስት ጣውላዎች ንካ» አለችው ሙሉሸዋ።

የዳግምን ነካ፤ ደርቋል። የኑርዲንን በጥፍሩ ጫረ፤ ደርቋል። ሦስተኛውን ሲነካ ጣቱ ተጣበቀበትና ሙጫው እንደ ክር ተጎትቶ መጣ።

«አሁን የክዳኑን ጠርዝ ንካ።»

ነካው። ያው ክር ነው። አቡ ነዋፍ ወደ ከፈለኝ ዞረ።

«ሙጫው ተበላሽቶ ነው» አለ ከፈለኝ ፈጠን ብሎ።

«ሦስታችሁም ከአንድ ቆርቆሮ ነው የቀዳችሁት» አለች ሙሉሸዋ። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ይሰበር ነበር፤ እየቆየ ጠና። «ልንገርህ ባባ። ክዳኑን የከፈትኩት በአንድ እጄ ነው፤ በሌላው ሳህን ይዤ ነበር። ይህ ሙጫ ዝንብ ይይዝ ይሆናል እንጂ ሰው አይይዝም። ጋሽ ጎበና ጀልባ የሚገፋ ትከሻ ነበራቸው። መዳፋቸው እስኪላጥ ገፍተው ካልተከፈተላቸው ሌላ ነገር ይዞት ነበር ማለት ነው። ኑርዲን፣ ያን የከፈለኝን ሮለር አምጣና እጀታውን ቀለበቱ ውስጥ አስገባው።»

ኑርዲን አስገባው። የጎበጠበት ቦታ በትክክል ቀለበቱ ላይ አረፈ፤ ጭረቱም ከጭረቱ ገጠመ። ያን ብረት ከታች ሆኖ ማን እንዳጎበጠው መናገር አላስፈለገም። ዳግም ፊቱን ሸፈነ።

«እሳቸው ሲገቡ ሮለሩን በቀለበቱ ሰክቶ ሄደ» አለች። «ዝም ሲሉ ተመልሶ አወጣውና በዳግም ሥራ ላይ ሙጫ አፈሰሰበት። ጥፋቱ በልጁ እንዲላከክ። ቶሎ መድረቅ ስላለበት ማድረቂያ ጨመረበት። ጋሽ ጎበና እንደሚሉት የታንከር ቤቱ ሙጫ ማድረቂያ ሲጨመርበት ይፈጥናል። የእኛው ሙጫ፣ ኢፖክሲው፣ ግን ልኩ ካለፈ ለዘላለም አይደርቅም። በፋብሪካው ሳለሁ ያየሁት ነው ባባ፤ ሥራው ሲያምር የማንም ሊሆን ይችላል፤ ሲበላሽ ግን ባለቤቱ ይታወቃል።»

«ለምንስ ይገድላቸዋል?» አለ አቡ ነዋፍ።

ሙሉሸዋ ከዘንቢሏ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ቁራጭ አውጥታ ሰጠችው። «ሕንዳዊው ከሞተባት የዓሣ አጥማጆች ጀልባ የተረፈ ነው። ንካው።»

ከወር በኋላም ይጣበቅ ነበር።

ከፈለኝ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «ለካፊሉ ሊነግሩ ነበር» አለ። «ያ ሕንዳዊ እንዲሞት አልፈለግሁም። አንገቴን ይቆርጡኛል ብዬ ፈራሁ። በየሌሊቱ ፖሊስ ሲመጣ በሕልሜ ይታየኛል። ዛሬ ነገሩን እጨርሳለሁ ሲሉ ሰማኋቸው።» ከዚያ ማንንም ሳያይ ጨመረ። «አንኳኩ። ስሜን ጠሩ። ጆሮዬን ይዤ ተኛሁ።»

አቡ ነዋፍ ለሹፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠው። «ልጁ ይሂድ» አለ። «ዛሬውኑ ቱቅባ ከተማ ሄዶ ይደር፤ ሐሙስ ይሳፈር። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።» ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮው አደረገ።

ዳግም አክስቱን አቅፎ ተንሰቀሰቀ። እሷ ጀርባውን መታ መታ አደረገችውና ወደ በሩ ገፋችው። ከበሩ ማዶ እስኪሰወር አየችው። ከዚያ ወደ ከፈለኝ ሄደች።

«ምኑን ነው ያጠፋሁት?» አላት። «እሺ ገደልኳቸው። ጀልባዋ ላይ ግን ምኑን ነው ያጠፋሁት? ደህና አድርጌ ነው የለጠፍኩት። እንዳይለቅ ብዬ አብዝቼ ነው የጨመርኩበት።»

ሙሉሸዋ ከዘንቢሏ ኩባያውን አወጣችና እጁ ላይ አኖረችው። በጋሽ ጎበና ሰፊ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «የከፈለኝ። ሬዚን እስከዚህ መስመር። ማድረቂያ እስከዚህ። ልጄ፣ አትጨምር።»

ከፈለኝ አንብቦ ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ።

«ሊያስተምሩህ ነበር» አለችው።

ፖሊሶቹ መጥተው እጁን ሊያስሩት ሲሉ ኩባያውን ሊቀበሉት ሞከሩ። ጣውላውን ሲቀባ ጣቶቹ ላይ የቀረው ሙጫ አልደረቀም ነበርና ኩባያው አልላቀቅ አላቸው።