እሺታ እና የአያቷ የዓይን ጠብታ

እሺታ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል ልብስ ሰፊዋ እናቷ የስፌት መኪናዋን ስታንቀጫቅጭ ትውላለች፤ በኋለኛው ሁሉም ይተኛሉ። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እሺታ የወጣላት ስሟ አይደለም። ሰው ምንም ቢያዛት «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ስለማታውቅ ሰፈሩ እንዲህ ብሎ ጠራት፤ በዚያው ቀረ።

አንድ ሰሞን ሰዓት ሠሪው አያቷ የዓይን ሞራ ተገፈፉ። ነርሷ ትንሿን የጠብታ ጠርሙስ ለእሺታ ሰጠቻት።

«በቀን አራት ጊዜ ጨምሪላቸው። ካቋረጥሽ ቁስሉ ይቆጣል።»

«እሺ!» አለች።

በዚያው ሳምንት እናቷ የስድሳ ተማሪዎች ዩኒፎርም ለመስፋት ተቀብላ ነበር። «ቁልፉን አንቺ ትተክዪልኛለሽ፣ አይደል የኔ ልጅ?»

«እሺ።»

ታናሽ ወንድሟን ከመዋዕለ ሕፃናት የምታመጣው እሷ ናት። ፈተናም ደርሷል። ጎረቤት «እግረ መንገድሽን ዳቦ» ይላታል። የመዝሙር መምህሯ ደግሞ «እሑድ ፊት ወጥተሽ ብቻሽን ትዘምሪያለሽ» አሏት። ለሁሉም እሺ።

ጠዋት ስትነቃ ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነባት ይመስላት ጀመር። ደብተሯን ገልጣ አንዱን መስመር ሦስቴ ታነበዋለች፤ አይገባትም። ወንድሟ ጫማውን አዟዙሮ ቢያደርግ እንባዋ ዱብ ይላል። እናንተስ ልጆች፣ እንዲህ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? እንዲህ መሆን ኃጢአት አይደለም። ሰው ሲበዛበት ይጨንቀዋል። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እሺታ ጭኗ ላይ ሸሚዝ ተቆልሎ ቁልፍ ትተክላለች። አያቷ ከወንበራቸው ሆነው ጠሯት።

«ልጄ፣ የምሳ ሰዓቱን ጠብታ አልጨመርሽልኝም መሰለኝ።»

ረስታዋለች። «ረሳሁ» ማለት አቃታት።

«ጨምሬልዎታለሁ እኮ አባባ! ረስተውት ነው።»

አያቷ ግንባራቸውን አሻሹ። «እንዴ! ጨምረሽልኛል? አይ እርጅና!»

ረቡዕም ረሳች፤ ረቡዕም ያንኑ አለች። ሐሙስ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ የከበዳት ውሸት እየቀለላት ሄደ። ጠርሙሱ ሳይጎድል ተገኝቶ እንዳያሳጣት ብላም መድኃኒቱን እጅ መታጠቢያው ላይ ጭምቅ ጭምቅ አድርጋ ደፋችው።

የአያቷ ዓይን ቀላ። ከዓይናቸው ይልቅ ግን ጠባያቸው ተለወጠ። ቀልደኛው ሰውዬ ዝምተኛ ሆኑ። «ዛሬ ቀኑ ማነው? ምሳ በልቻለሁ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ዓርብ ዕለት እሺታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለእናቷ ሲነግሯት በሩ ጋ ሆና ሰማች።

«ልጄ፣ አእምሮዬ እየከዳኝ ነው። ጠብታው ዓይኔ ውስጥ ሲገባ እንኳ አላስታውስም። የሰዓት ሱቄን ለሌላ ሰው ማስረከብ ይሻላል።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እናቷ እንባዋን በጨርቅ ቁራጭ ጠረገች።

የእሺታ ፊት እሳት ሆነ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወደ ኋለኛው ክፍል ገብታ ተንበረከከች። «አምላኬ ሆይ…» አለችና ቀጥሎ የምትለው ጠፋት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ወደ ክሊኒክ ሄዱ። ነርሷ የአያቷን ዓይን በባትሪ አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«ጠብታው በደንብ ይገባል?»

«ልጅቷ አንድም ቀን አላጎደለችም» አሉ አያቷ። «የምረሳው እኔ ነኝ። ይልቅ ለአእምሮ የሚሆን መድኃኒት ካለሽ ስጪኝ።»

ነርሷ ወደ አእምሮ ሐኪም የሚላኩበትን ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። እሺታ እስክሪብቶው ሲሄድ አየች።

«አይጻፉ!» አለች። «አባባ ምንም አልረሱም። እኔ ነኝ… አልጨመርኩላቸውም። ጨምሬያለሁ እያልኩ ዋሸኋቸው። መድኃኒቱንም ደፋሁት።»

እናቷ ቀና ብላ አላየቻትም። ለእሺታ ከዱላ የባሰባት ይሄ ነበር። አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታያለች።

አያቷ ድንገት በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲያው አላበድኩማ! እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ወደ እንባ ተለወጠ። ያን ጊዜ እሺታ ምን ያህል ፈርተው እንደ ነበር ገባት። እግራቸው ሥር ወድቃ «ይቅር ይበሉኝ አባባ» አለች። እሳቸውም በእጃቸው ፈልገው ራሷን ዳበሱ።

ቤት ሲደርሱ እናቷ መኪናዋን ሳትነካ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁላችሁም ሥራ በዝቶባችኋል። አልቻልኩም ብል ሰነፍ የምትሉኝ መሰለኝ።»

እናቷ መለሰች። «የማይቻል ያሸከምኩሽ እኔ ነኝ፤ ሲከብድሽም አላየሁም። እሱ የእኔ ጥፋት ነው። ውሸቱ ግን የአንቺ ነው። ገባሽ?»

«ገብቶኛል እማዬ።»

አብረው ሥራውን አንድ በአንድ አነሱ። ቁልፍ ለመትከል እናቷ ሌላ ሰው ልትፈልግ ሆነ። እሺታ የመዝሙር መምህሯ ጋ ሄዳ «በዚህ እሑድ አልችልም» አለች፤ መምህሯም «እንኳን ነገርሽኝ» አሏት። አያቷ ደግሞ «ትንሹን እኔ አመጣዋለሁ። እሱ መንገዱን ያያል፣ እኔ እጁን እይዛለሁ!» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ቀጥለውም ኮስተር አሉ።

«ጠብታውን ግን ከእሷ በቀር ማንም አይነካብኝም።»

እሺታ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ዓይናቸው ለመዳን ተጨማሪ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በቀን አራት ጊዜ ያንን የቀላ ዓይን ባየች ቁጥር ታፍር ነበር፤ እጇ ግን አላቋረጠም። በአራተኛው ሳምንት አያቷ ሱቃቸውን ከፈቱ።

ልጆች፣ ሥራና ሐሳብ ሲበዛብን በውሸት አንሸፍነው፤ «ከብዶኛል፣ አግዙኝ» ብለን ለእግዚአብሔርና ለሚወዱን ሰዎች እንንገር።