ያልሄደችው ወፍ

«እንዳትንቀሳቀሺ» አለች እናቷ በሹክሹክታ፤ ከዚያም ዓይኖቿን ጨፈነች።

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። ቦርሳው ትከሻዋን እየቆረጣት፣ ጫማዋ በጤዛ ርሶ፣ ከእናቷ ፊት ለፊት ቆማ በስልኳ ቪዲዮ ትቀርፃለች። ለቁም ነገር አይደለም፤ ማታ ለታናሽ ወንድሟ አሳይታው አብረው ሊስቁ ነው። እናታቸው ጫካ መሐል ጆሮዋን ቀስራ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ ስትቆም ሌላ ሰው ትመስላለች።

ጀምበር ገና መውጣቷ ነው። ከዳገቱ በኩል አንዲት ዋኔ ወፈር ባለ ድምፅ አጉረመረመች። እናትየው ዓይኗን ሳትገልጥ አንድ ጣቷን አነሳች፤ ተቆጠረች ማለት ነው። ወዲያው ከቅርብ፣ ከጀርባዋ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ፉጨት ተሰማ። «ሲ… ሲሲሲ… ሲይ»።

ልጅቷ ድምፁን አወቀችው። ሕፃን ሳለች እናቷ ይህንኑ እያፏጨች ነበር የምታስተኛት። የእናቷ ጣት እስኪነሳ ጠበቀች። አልተነሳም። ወፏ ደገመችው። ጣቱ አሁንም አልተነሳም።

እናትየው ዓይኗን ስትገልጥ እንባ አቅርራ ነበር።

«አየሽ?» አለች። «ድሮ እዚህ ቆሞ ያቺን ወፍ፣ ፉጨቴን፣ አለመስማት አይቻልም ነበር። ጆሮ ታደነቁር ነበር እኮ! አሁን ጸጥ። ሙቀቱ ገፋት። ሄደች።»

ከቁጥቋጦው ውስጥ ፉጨቴ «ሲ… ሲሲሲ» አለች።

ልጅቷ ወደ ቁጥቋጦው ዞር ብላ አየች። ቦርሳውን አስተካከለችና እያነከሰች የምትሄደውን እናቷን ተከተለች።

እናቷ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናት። የሰፈሩ ሰው ይህን መጥራት ስለሚከብደው «የወፏ ዶክተር» ይላታል፤ አንዳንዴም የታመመ ዶሮ ታቅፎ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም። ልጆቿን ሳትወልድ ጀምራ በዚህ ተራራ ላይ፣ ከግርጌው እስከ አናቱ በተመረጡ ቦታዎች እየቆመች፣ በጆሮዋ የሰማችውን ወፍ ሁሉ ትቆጥራለች። አየሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ወፎቹ ቅዝቃዜ ፍለጋ ሽቅብ እየወጡ መሆናቸውን ያሳየችው በዚህ ነው። የልጅቷ ልደትም ሆነ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ከወፎቹ ወቅት ጋር ሲገጥም፣ ሁልጊዜ ያሸነፉት ወፎቹ ናቸው። አባትየው የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ፣ እንዲህ ባሉት ቀናት ቤቱ የልጅቷና የወንድሟ ነው።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር ጫካ ሄዳ አታውቅም ነበር። ያን ቀን የሄደችው እናቷ እግሯን ወለም ብሏት ቦርሳ የሚይዝላት ሰው በማጣቷ ነው። ድሮ አብሯት የሚቆጥር ባልደረባ ነበራት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሌላ ተቋም ተዛወረ። ፉጨቴ ከታችኛው ጫካ ጠፋች የተባለውም ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው። ልጅቷ ሁለቱን ነገሮች ያገጣጠመቻቸው በመኪና ሲመለሱ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ እንዳስደገፈች ነበር፤ ወፏን ይሰማ የነበረው እሱ ነው።

ከዚያ የሚሰማትን ነገር ጠበቀች። ሐዘን ይመጣል ብላ ጠበቀች። ለመናገር ቢያሳፍርም፣ ትንሽ ደስታም ትጠብቅ ነበር፤ ያቺ ወፍ ስንት ልደት በልታባታለች። ምንም አልመጣም። ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ እንደወጋው ድድ ነበረች። ሁሉም ነገር ቦታው አለ፤ ሲነኩት ግን አይሰማም።

«ደክሞሻል አይደል የኔ እናት?» አለች እናቷ መሪውን እንደያዘች።

«አይ፣ ደህና ነኝ» አለች።

በማግስቱ እናቷ ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ፣ ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራውን ሲሠራ፣ ልጅቷ ስልኳ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ፈልጋ ከፈተች። መጀመሪያ ላይ እንደ መኪና ጡሩምባ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቷ።

«ለፊዚክስ ነው።»

ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። እናቷ ወደ ድንቿ ተመለሰች። ወንድሟ እርሳሱን ወርውሮ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። የሰማውን ሁሉ ሳያወራ ስለማያድር ቤተሰቡ «ጋዜጣ» ነው የሚለው።

«እትዬ፣ አጥፊው! ጭንቅላቴን በሳው!»

«ምኑን ነው የምታጠፋው? አጠፋችው አይደል እንዴ?» አለች እናቷ ልጣጩን እየሰበሰበች።

ልጅቷ አጠፋችው። ተነስታ ድንቹን አጠበች።

ትምህርት ቤት ጓደኛዋ በእረፍት ሰዓት ከአጥሩ ሥር አስቀመጠቻት።

«ደብሮሻል» አለቻት።

«አልደበረኝም። ምንም አልሆንኩም።»

«እሱ ነዋ ችግሩ! ሂሳብ ያን ያህል ወድቀሽ ምንም አልሆንሽም። እኔ ብሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ ነበር።»

ልጅቷ ነገረቻት። ስለ ቪዲዮውም፣ ስለ ድንቹም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናቷ በተቋሙ አዳራሽ ስለ ፉጨቴ መጥፋት ትልቅ ንግግር እንደምታደርግም። ጓደኛዋ ብስኩቷን ማኘክ አቆመች።

«ውይ፣ ሼም ነው እኮ» አለች። ጥቂት አሰበችና፣ «ዝም በያት በቃ። ማን ያውቃል? ወፏ መጥታ አትከሳት!»

«አትከሳትም።»

«ወይ ደግሞ ንገሪያት። እኔ እንጃ።» ጓደኛዋ የብስኩቱን መጠቅለያ እያጣጠፈች ቆየች። «እናቴ ብትሆን ግን አልችልም ነበር።»

ደወሉ ተደወለ።

ከንግግሩ በፊት በነበረው ምሽት እናትየው ሳሎን ውስጥ ልምምድ ጀመረች። የሥራ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቤት ውስጥ በሚለበስ ነጠላ ጫማ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች። ጋዜጣ ሶፋው ላይ እግሩን አነባብሮ የተከበረ እንግዳ ሆኗል። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

«በታችኛው ጫካ» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝግ አድርጋ፣ «ለብዙ ዓመታት በየማለዳው እሰማት የነበረችው ይህች ወፍ ዛሬ የለችም።»

ጋዜጣ አጨበጨበ።

«አለች» አለች ልጅቷ።

እናቷ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«አልሄደችም፣ እማዬ።» ስልኩን ከፍታ ሰጠቻት።

እናትየው ቪዲዮውን ስታይ መጀመሪያ ሳቀች። «አፌን እንዲህ ነው እንዴ የምከፍተው? እኔን ይብላኝ!» ጋዜጣም ለማየት ተንጠራራ። እሱም ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱን አጨማደደ።

«ይቺ የምትጮኸው ወፍ ምንድን ናት? ጆሮዬን በላችው» አለ።

«ዋኔ ናት።»

«ዋኔዋን አይደለም። ይቺ ቀጭኗ።»

እናቷ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ ልጅቷን አየች። «የቷ ቀጭኗ?»

ጋዜጣ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

እናትየው ቪዲዮውን ኮምፒውተሯ ላይ ጫነችው። ድምፅን ወደ ሥዕል የሚለውጥ ፕሮግራም አላት። የዋኔዋ ድምፅ ከታች በኩል በአውራ ጣት የተቀባ ጥቁር መስመር ሆኖ ወጣ። ከላይ፣ ከሥዕሉ ጫፍ አጠገብ ደግሞ ቀጫጭን ጭረቶች ተደረደሩ፤ አንድ፣ ከዚያ ሦስት የተጣበቁ፣ ከዚያ አንድ ረዘም ያለ። እናትየው ያንን ቅርፅ የልጆቿን ፊት ያህል ታውቀዋለች። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችና ጆሮዋን ከድምፅ ማጉያው ጋር አጣበቀች።

«አሁን እየጮኸች ነው?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ኮምፒውተሩን ዘጋችው። «ጋዜጣ፣ ወደ ክፍልህ ሂድ» አለች፤ እሱም ሳይከራከር ሄደ።

እናትየው እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳታነሳ፣ «የሌሎቹ እኮ እውነት ነው» አለች። «ከዋኔዋ ጀምሮ ድምፃቸው ወፍራም የሆኑት በሙሉ ወደ ላይ ወጥተዋል። እነሱን በደንብ እሰማለሁ። ሙቀቱም እውነት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ እንዳለ ባነበውስ? በኋላ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ። ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

«ጋዜጣም ያውቃል።»

እናቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ዕድሜዬን በሙሉ በጆሮዬ ነው የኖርኩት» አለች። «ጆሮዬ ከሄደ እኔ ምንድን ነኝ?»

ልጅቷ ተነስታ ልታቅፋት እንደሚገባ ታውቃለች። እጆቿ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጉልበቷ ላይ ቀሩ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ብርጭቆዎች ሰብስባ ወጥ ቤት ገባችና አንድ በአንድ አጠበቻቸው። ንጹሕ የነበሩትንም ጭምር።

ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ እናቷ በሩ አጠገብ ቆማ የቤቱን ቁልፍ ትፈልግ ነበር። ዓይኖቿ አብጠዋል። ምን እንደወሰነች አልተናገረችም፤ ልጅቷም አልጠየቀቻትም። ቁልፉን ከመደርደሪያው አንስታ ሰጠቻትና እንዲህ አለች፦

«እኔም እመጣለሁ። ግን ፊት ነው የምቀመጠው።»

እናቷ ትክ ብላ አየቻት። «ፊት ስትቀመጪ ያስፈራኛል።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የተቋሙ ኃላፊ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከልጅቷ ጎን ተቀምጠዋል። እናቷ ስለ ተራራው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ያለ ጊዜያቸው ስለሚፈለፈሉት ነፍሳት ተናገረች። ከዚያ ግድግዳው ላይ የፉጨቴ ፎቶ ወጣ፤ አመድማ፣ ከጡጫ የማትበልጥ። እናቷ ወረቀቱን አየች። ቀና ስትል ዓይናቸው ተገጣጠመ። ልጅቷ ራሷን አልነቀነቀችም፤ ዓይኗንም አልሰበረችም።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል» አለች እናቷ።

ሰዉ ሳቀ።

«የእኔስ ከባዳም አለፈ። ይህች ወፍ ከታችኛው ጫካ ጠፍታለች ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። አልጠፋችም። መስማት ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ተቆረጠ። ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። እናቷ የትኛው ውጤት እንደሚጸና፣ የትኛው እንደሚሰረዝ፣ የሁለቱ ዓመት ቆጠራ በመቅረፀ ድምፅ እንደገና መሠራት እንዳለበት አንድ በአንድ አስረዳች። ከኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ታዲያ የቀረውን ለምን እንመን?» አላት።

«አትመኑ» አለች። «ኑና አብራችሁኝ ቁጠሩ።»

ጭብጨባው የሳሳ ነበር። ኃላፊው ሲወጡ እጇን ጨብጠው «እንነጋገራለን» አሏት፤ ቃሉ መልካም እንዳልሆነ ልጅቷ እንኳ ገባት።

የመስክ መኪናው የተቋሙ ስለሆነ ወደ ቤት የሚመለሱት በአውቶቡስ ነው። ፌርማታው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናቷ ገና ያልዳነ እግሯን ከጫማው አውጥታ አሻሸችው።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች መንገዱን እያየች። «ስልክ ይጠራል፤ አልሰማም። ሰዎች ሹክ ይሉኛል፤ ዝም ብዬ እስቃለሁ። ሐኪም ዘንድ ያልሄድኩት እንዳይነግረኝ ፈርቼ ነው።» የክሊኒኩን ቁጥር ስልኳ ላይ አወጣች፤ ጣቷ ግን ቁጥሩ ላይ ሳይወርድ ቀረ። «ቢያናግሩኝም አልሰማቸው ይሆናል።»

ያን ጊዜ ነው ልጅቷን የሆነ ነገር የወረራት። ተኝቶ የነበረ እግር ሲነቃ እንደሚነዝረው፣ ከጣቶቿ ጫፍ ጀምሮ ወደ ክንዷ፣ ከክንዷ ወደ ደረቷ ወጣ። ያማል። እንዲህ ያማል ብላ አልጠበቀችም። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ስልኩን ከእናቷ እጅ ወሰደች።

«ሄሎ? ቀጠሮ ለመያዝ ነው። ለእናቴ ነው፤ ለጆሮ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፣ መልሳ አጠነከረችው።

«ምን አሉሽ?» አለች እናቷ ወደ እሷ ዘንበል ብላ።

«ሐሙስ ከሰዓት ይመቻችኋል ወይ ነው የሚሉት» አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ፣ ፊቷን ወደ እናቷ አዙራ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ።

እናቷ ራሷን ነቀነቀች።

«እንመጣለን» አለች ልጅቷ ለስልኩ።