አትናገርም የተባለችው በቅሎ

ተጠርጣሪዋ አራት እግር አላት። ማጋነን አይደለም፤ አሥር አለቃው በገዛ እጁ መዝገቡ ላይ «ተጠርጣሪ፦ አንዲት ዳማ በቅሎ፣ ዕድሜ ሃያ ስድስት፣ ሥራ፦ ጡረተኛ ወታደር» ብሎ ጽፏል። ቃሏን እንድትሰጥ ያልጠየቃት ምናልባት ቀለም ለመቆጠብ ይሆናል።

ሟቹ በበረቱ ደጃፍ በአንሶላ ተሸፍኖ ተጋድሟል። በጦርነት ጊዜ ስላገለገሉ እንስሳት ለቤተሰብ የሚሆን የአኒሜሽን ፊልም የሚሠራው ዳይሬክተር ነው። ሠራተኞቹ «ጄኔራሉ» ይሉታል፤ ሥዕል ሲያዝ የሚዘምት ይመስላላ። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የፊልሙን ባለታሪክ በቅሎ በአካል ሊያይ ከስቱዲዮው ጓሮ ወዳለው በረት ይወርድ ነበር። ዛሬም ወረደ፤ አልተመለሰም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የበቅሎዋ ጠባቂ መኖ ገዝተው ሲመለሱ በአፍጢሙ ተደፍቶ አገኙት።

ወዲያው ከላይ በስልክ ትእዛዝ መጣ፦ ሰው የገደለች በቅሎ ስምንት ሰዓት ላይ በመርፌ ትገደል። የእንስሳት ሐኪሙ ከአሁኑ ደርሶ፣ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

መርማሪዋ የደረሰችው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ጣቢያው ውስጥ «ወንፊት» ይሏታል፤ ወሬውን ሁሉ አሳልፋ ጠጠሩን ስለምታስቀር።

«ኢንስፔክተር፣ ለእርስዎ የሚመጥን ጉዳይ አይደለም» አላት አሥር አለቃው። «ረገጠችው፣ ሞተ። አለቀ።»

«ማን አየ?»

«ማንም። ግን ፊርማዋን ግንባሩ ላይ አኑራለች።»

ወንፊት አንሶላውን ገለጥ አደረገች። ግንባሩ ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ጠልቆ ታትሟል። በጨረቃዋ ጠርዝ ላይ ደግሞ ትናንሽ ነጥቦች ተደርድረዋል፤ የምስማር ራሶች ናቸው።

«ይህን ቁስል ከአንተ ሌላ ማን አየው?»

«እኔ ነኝ የገለበጥኩት፤ ወዲያው ሸፈንኩት። ሠራተኞቹን አላስጠጋሁም።»

«የበቅሎዋንስ እግር አየኸው?»

«በየትኛው ወኔ፣ ኢንስፔክተር? የረገጠችውን ሰው እያየ እግሯ ሥር የሚገባ ማን ነው?»

ጠባቂዋ ከግርግሙ አጠገብ ቆመው አንገቷን አቅፈዋታል። «አባባ ልጓም» ይባላሉ፤ በጦርነቱ ጊዜ የዚህችው በቅሎ ጓድ ነበሩ። በመዝገብ እንደተጻፈው በቅሎዋ አርባ ቁስለኛ ከግንባር አውጥታለች። አባባ ሲያወሩት ስድሳ ይሆናል፤ ሁለት ብርጭቆ ከቀመሱ በኋላማ አንድ ታንክም ጎትታ ነበር። ዛሬ ግን ሁሉም ወሬ ጠፍቶባቸዋል።

«አባባ፣ እግሯን ቢያነሱልኝ።»

ጉልበቷን መታ መታ አደረጉላት። በቅሎዋ እጁን ለሰላምታ እንደሚዘረጋ ሰው የፊት እግሯን ሰጠች። ሰኮናው ባዶ ነው። ዳር ዳሩን ስንጥቅ አለው፤ የድሮ ምስማር ቀዳዳዎችም ይታያሉ። የቀሩት ሦስቱም እንደዚያው ናቸው።

«የብረት ጫማዋ የት ሄደ?»

«ሰኮናዋ ተሰነጠቀብኝና አወለቅንላት። ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ ነው። ጫማዎቹን ኳኳታ ወሰዳቸው፣ ለፊልሙ ኮቴና ዝናብ የሚያስመስለው ልጅ።»

«ይህን ለአሥር አለቃው ነገሩት?»

«ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ? ትራገጣለች ወይ ነው ያለኝ። አትራገጥም አልኩት፤ ሳቀብኝ።» ድምፃቸው ወረደ። «ከሸለቆው ጀርባዋ ላይ ጭና ያወጣችኝ እሷ ናት። ሁለት ጥይት ተመትታ እንኳ አላወረደችኝም። አሁን እኔ ቆሜ እያየሁ ሰዓት ተቆረጠላት።»

ወንፊት ሰዓቷን አየች። ቃል መግባት አትወድም።

የድምፅ ክፍሉ በር ቁልፍ የለውም። ውስጡ ቆሻሻ መጣያ ይመስላል፦ ጠጠር የሞላበት ሳጥን፣ የሲሚንቶ ንጣፍ፣ አሮጌ ዣንጥላ፣ የተሰበረ በር። ኳኳታ በኩራት አስጎበኛት።

«ከዚህ ክፍል ሳልወጣ ሦስት ሠራዊት አዝምቻለሁ። ዝናቡ ትሪ ላይ የሚንከባለል ሩዝ ነው። የመድፍ ጎማው ያ በርሜል ነው። የበቅሎዋ እርምጃ ደግሞ እነዚህ ናቸው።»

መደርደሪያው ላይ አራት የእንጨት እጀታዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አንድ የብረት ጫማ ከነምስማሩ ተመትቷል። ኳኳታ ሁለቱን አነሣና ሲሚንቶው ላይ አስኬዳቸው። ዓይኑን የጨፈነ ሰው በቅሎ ገባች ብሎ በር ይከፍታል።

«ለሰው ትናገራለህ? ይሄ የእኔ ሥራ ነው ብለህ?»

«ምን በወጣኝ። ግቢው ውስጥ በቅሎዋ የምትንጎራደድ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ እስቅና ዝም እላለሁ።»

«ዛሬ ስንት ሰዓት ገባህ?»

«አራት ሰዓት። አውቶቡሱ ተበላሽቶ፤ ስወርድ ፖሊሱ በር ላይ ቆሞ ነበር።»

ተከትሏት የገባው አሥር አለቃ ራሱን ነቅንቆ አረጋገጠ። ወንፊት እጀታዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ሦስቱ የጠጠር አቧራ ለብሰዋል። አራተኛው ንጹሕ ነው፤ እንጨቱም እርጥብ ነው።

«ይህን አጥበኸዋል?»

ኳኳታ ቀረብ ብሎ አየው። ሳቁ ጠፋ። «እኔ አጥቤ አላውቅም። አቧራው ነው ድምፁን የሚያጣፍጠው።»

ሠዓሊዋ የሟቹ ታናሽ እህት ናት። ከሥር በሚያበራ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታለች፤ እርሳስ ይዛለች፣ አትሥልም። ግድግዳው በበቅሎ ሥዕል ተሸፍኗል። በዚህ ሳምንት የተሣሉት በቅሎዎች ሰኮናቸው ባዶ ነው።

«በየቀኑ እየወረድሽ ነው የምትሥያት?»

«በየቀኑ። ወንድም ጋሼ ያላየሽውን አትሣይ ይለኝ ነበር።»

«ሰሞኑን ከሰው ጋር ተጋጭቷል?»

«ከሁላችንም ጋር። ሦስት ዓመት ሙሉ በቅሎዋ በፊልሙ ውስጥ ትናገር ነበር፤ ትቀልዳለች፣ ትመክራለች። ከትናንት ወዲያ ሰብስቦን፣ አትናገርም አለ። እንስሳቱ ጦርነቱን አልመረጡትም፣ ቃል ሰጥተን አናስዋሻቸው አለ። የእሷን አፍ ብቻ ሁለት ሺህ ጊዜ ሥያለሁ። ሁሉንም ጣልኩት።»

«ተናደድሽ?»

«አለቀስኩ። ከዚያ ሥዕሎቹን ያለ አፍ አየኋቸው።» እርሳሷን አስቀመጠች። «ልክ ነበር።»

የበቅሎዋ ድምፅ የሆነው የሠዓሊዋ ባል ነው፤ «መረዋ» ይሉታል። ማይክሮፎኑ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ መሐረብ አፍንጫው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ወንፊት ስትገባ ሁለቴ አስነጠሰ።

«ጉንፋን ነው?»

«ሐዘን ነው።»

«ጠዋት የሰማኸው ነገር አለ?»

«ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። በሩን ከፍቼ ንባቤን ስለማመድ፣ በብረት ጫማዋ ሲሚንቶውን ስትደበድበው ሰማኋት፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ከዚያ አንድ ድብ ያለ ነገር። ከዚያ ጸጥ።»

«ወጥተህ አላየህም?»

«እኔ እንስሳ አልችልም። ጸጉሯ ከደረሰብኝ አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ድምፄ ይበላሻል። ሦስት ዓመት ስሠራ በረቱን ረግጬው አላውቅም። አጠገቧም ደርሼ አላውቅም።»

«አትናገርም ሲልህ ምን አልከው?»

«እኔና እሱ እኮ አብሮ አደግ ነን። እህቱን የዳረኝ እሱ ነው።»

«በቅሎን አባትሽ ማን ነው ሲሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ» አለች ወንፊት፤ ደብተሯንም ዘጋች።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሁሉንም በረቱ ፊት ሰበሰበቻቸው። ሐኪሙ መድኃኒቱን መርፌው ውስጥ ስቦ ጨርሷል።

«አባባ፣ እግሯን ያንሡላቸው።»

አነሡ። አሥር አለቃው ሰኮናውን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ከዚያ የራሱን ጫማ አየ።

«ሟቹን የገደለው ምስማር ያለበት የብረት ጫማ ነው» አለች ወንፊት። «በቅሎዋ ከተራቆተች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ስለዚህ እሷ አይደለችም። ጫማዎቹ ድምፅ ክፍል ናቸው፤ አንደኛው ዛሬ ታጥቧል። ኳኳታ ሰውየው ከሞተ በኋላ ከአውቶቡስ ሲወርድ አሥር አለቃው አይቶታል፤ እሱም አይደለም።»

ኳኳታ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ገዳዩ በብረት ጫማ የመታው፣ ረገጠችው እንዲባል ነው። ባዶ እግሯን መሆኗን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ሞኝ ተንኮል አይሠራም። አባባ ያውቃሉ፤ ያወለቁላት እሳቸው ናቸው። ሠዓሊዋ ታውቃለች፤ ሰኮናዋን በየቀኑ ሥላዋለች። የማያውቀው እስከ ዛሬ ጠዋት በረቱን ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። በቅሎዋን በጆሮው ብቻ የሚያውቃት።»

መረዋ መሐረቡን አጣጠፈው።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስትሰማው የኖርከው ኳኳታን ነው» አለችው። «ዛሬ ጠዋት ግን ኳኳታም አልነበረም። ያልነበረ ድምፅ ነው ሰማሁ ያልከኝ።»

«በሐዘን... ተምታቶብኝ ይሆናል።»

«ይሁን። ሐዘን ግን ያስለቅሳል፤ አያስነጥስም። ዛሬ ጠዋት ጸጉሯ የሚደርስበት ቦታ ቆመህ ነበር።»

መረዋ ሊይዘው ሞከረ፤ ከንፈሩን ነከሰ፣ ትንፋሹን ዋጠ። አልቻለም። ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰ። ማንም «ይማርህ» አላለውም።

«ልጄ ሳትተኛ በበቅሎዋ ድምፅ አውራኝ ነው የምትለኝ» አለ በመጨረሻ፣ ያ የሚያምር ድምፁ እንደ አሮጌ በር እየተንቋቋ። «ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ድምፅ ነው የሚያውቀኝ። ለመንኩት። ድምፅህ ያምራል፣ እሷ የምትፈልገው ግን ዝምታ ነው አለኝ። ፈገግ ብሎ። እኔ...»

«ብረቱን ለምን ይዘህ ወረድክ?» አለችው ሚስቱ።

አየት አደረጋት። አሥር አለቃው ክንዱን ይዞ ወሰደው።

ሐኪሙ መርፌውን ወደ መሬት አዘቅዝቆ መድኃኒቱን አሸዋው ላይ አፈሰሰው፤ ባዶውን ሰብሮ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። አባባ ልጓም በተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጡ። በቅሎዋ ኮፍያቸውን አሸተተች።

ሠዓሊዋ ከወንድሟ አስከሬን ራስጌ አልተነሣችም።

«ልጅሽን ከትምህርት ቤት እኔ ልቀበላት እንዴ?» አሏት አባባ።

«አይ፣ አባባ። የአጎቷንም የአባቷንም ነገር የምነግራት እኔ ነኝ።» የአንሶላውን ጫፍ አስተካከለች። «እርስዎ በቅሎዋን ወደ ውጭው በር ያውጡልኝ። ልጄ ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው እሷን ይሁን።»

አባባ ተነሥተው ገመዱን ፈቱ።