በእህቴ ስም የመጣው ፋይል

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ጨለማ እንኳ አልነበረም... ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ኪቦርዴ ላይ ነበረች።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሁሉም ክፍል የሚጠቀመው አንድ ሰርቨር ስለሆነ የሚታተመው ሁሉ እዚያ ወረፋ ይይዛል። የሰውን ፋይል ከወረፋው ማጥፋት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።

እህቴ እዚያው ላቦራቶሪ ትሠራለች። "አንተ ከማጥፋት ሌላ ምን ታውቃለህ!" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት መኪና ገጫት። ኦፕራሲዮን ክፍል ናት...

ስልኩ ጮኸ። ነርሷ ናት።

"የእህትህ የደም ዓይነት ምርመራ አልታተመም! ደም እየፈሰሳት ነው፤ ያለ ወረቀቱ ደም መስጠት አንችልም። ቶሎ በል!"

ወረፋውን ከፈትኩ። የእህቴ ውጤት ሁለተኛ ነው። ከፊቱ አንድ ፋይል ተገትሯል።

አጠፋሁት።

ተመልሶ መጣ...

እንደገና አጠፋሁት። እንደገና መጣ።

የላኪውን ስም አየሁ።

እህቴ።

እሷ እኮ በማደንዘዣ ተኝታለች! ከፍቼ ላየው ስል ስልኩ ደግሞ ጮኸ።

"ምን ሆንክ? ልትሞትብን ነው እኮ!"

"መጣ ሲስተር... መጣ!"

የማተሚያውን ፕሮግራም ዘጋሁት። ፋይሉን ከተቀመጠበት ፈልጌ ነቀልኩት። ፕሮግራሙን መልሼ ሳስነሳው ውጤቱ ታተመ።

"ደረሰን! ተመስገን!" አለችና ዘጋችው።

ወንበሬ ላይ ዝርፍጥ አልኩ። እፎይ ልል ስል... አጠገቤ ያለው ፕሪንተር ተንቀሳቀሰ።

አንድ ወረቀት ወጣ።

"ወንድሜ፣ አታጥፋው። ውጤቱ የሌላ ሰው ነው። ያ ደም ይገድለኛል።"

ደወልኩ። አይነሳም። ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ።

በካርድ ክፍል በኩል ሳልፍ ፕሪንተሩ ያንኑ እያወጣ ነው። የፋርማሲውም። ሠራተኞቹ ግራ ገብቷቸው ያዩታል።

"አታጥፋው። ያ ደም..."

ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ደግሞ...

"አታጥፋ..."

የኦፕራሲዮን ክፍሉ ቀይ መብራት በርቷል። በሩን በጡጫ ደበደብኩት።

"ክፈቱ! ስለ እግዜር ክፈቱ! ደሙን አቁሙት!"

በሩ አልተከፈተም።

ከበሩ አጠገብ የመጨረሻው ፕሪንተር አለ። እሱም ወረቀት እያወጣ ነበር።

ባዶ ወረቀት። ቀጥሎም ባዶ... ቀጥሎም ባዶ...