በጭጋግ ውስጥ የታየው መብራት

የቬርነን ሳሎ አስከሬን ከአሮጌው ፒክአፕ ጋር ከሐይቁ ሲወጣ ማጅራቱ ቆስሎ ነበር። የኋላ መስታወቱ የመታው ይመስላል። መርማሪዋ ላይላ ኒየሚ ግን ቀድማ ያየችው ማርሹን ነው፤ ምንም ማርሽ ሳይገባ ፍሪ ላይ ነበር።

የሟቹ የወንድም ልጅ ዳሬል መኪናው ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ከቤቱ መስኮት እንዳየ ተናገረ።

«ጭጋግ ስለነበር ሰውየው አይታይም፤ መብራቱ ግን ይታያል። የሬትሮው ነጭ መብራት በራና ወደ ኋላ ሄደ። ቀጥሎ ቀዩ የፍሬን መብራት በራ፤ ወዲያው ውሃው ዋጠው።»

«ሁለቱንም አየህ?»

«ዓይኔ ደህና ነው። ፍሬኑን የሠራው ኦርቪል ነው፤ እሱን ጠይቂው።»

ላይላ መካኒኩን ፒክአፑ ጋር አመጣችው። ኦርቪል አኩርፏል።

«ፍሬኑን ራስሽ እርገጪው፤ ደህና ነው። የተበላሸው መብራቱ ነው።»

«ውሃው አበላሽቶት እንዳይሆን?»

«ፊውዙም አምፖሎቹም ደህና ናቸው።» መኪናው ሥር ገባ። «ከፔዳሉ በላይ ያለው የፍሬን መብራቱ ማብሪያ ተሰብሯል፤ አዲሱን ማክሰኞ ልገጥምለት ነበር። ከማርሹ ወደ ሬትሮው መብራት የሚሄደው ሽቦም ተበጥሷል። ጫፉን እዪው፣ ዝገቱ የዓመት ነው። ውሃው ውስጥ የቆየው ግማሽ ቀን!»

ማምሻውን ላይላ ዳሬልንና ኦርቪልን በሟቹ ሳሎን ሰበሰበች። ሚስቱ ወይዘሮ አይሪስ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ቬርነን ወደ ኋላ ነድቶ ቢሆን ማርሹ ሬትሮ ላይ ይገኝ ነበር» አለች ላይላ። «ፍሪ ላይ ያለ መኪናን ግን ሌላ መኪና ሊገፋው ይችላል። ዳሬል ሁለት መብራት አየሁ አለ፤ ሁለቱም ግን መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል።»

«ጭጋጉ አሳስቶኝ ይሆናል» አለ ዳሬል።

«ጭጋግ መብራት ይሸፍናል እንጂ አያበራም። ፒክአፑ ፊት ላይ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም የነካው አዲስ ጭረት አለ። የመኪናህ የፊት ፓራውልት ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ዳሬል ወደ አይሪስ ዞረ።

«አክስቴ፣ የሐይቁን ዳር መሬት አልሸጥም ብሎ አዋረደኝ። በንዴት በመፍቻ መታሁት። ሞቷል ብዬ ነው መኪናው ውስጥ ያስገባሁት።»

ላይላ ማስታወሻዋን ዘጋች።

«ሐኪሙ ሳንባው ውስጥ ውሃ አግኝቷል።»

አይሪስ ከመስኮቱ ወደ ዳሬል ዞረች።

«ታዲያ ይተነፍስ ነበር፣ ልጄ» አለች በቀስታ። «እጅህን አፍንጫው ላይ ብታደርግ ትንፋሹን ለማወቅ ይበቃ ነበር።»