እማማ ዴሊያ ያላወቋት ልጅ

ብሮና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ በሰሜን አየርላንድ፣ የፖም እርሻ በከበባት በባሊናሾን መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ ቀይ በር ባላት ጠባብ ቤት፣ እማማ ዴሊያ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ልጆች፣ በጥቅምት መጨረሻ የሚውለው የሃሎዊን ምሽት በዚያ መንደር እንዴት እንደሚከበር ልንገራችሁ። ልጆቹ ጭምብል አጥልቀው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። በሩን የከፈተ ሰው ከጭምብሉ ጀርባ ያለው ማን እንደሆነ መገመት አለበት፤ ከዚያም ከረሜላ ይሰጣቸዋል። ልጆቹም እንዳይታወቁ ድምፃቸውን ያጎረንናሉ፤ አንዳንዶቹም ያቀጥናሉ። በዚህ ጨዋታ እማማ ዴሊያ ተሸንፈው አያውቁም። ደግሞም ከመንደሩ ሁሉ ከረሜላ የማይሰጡ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የሚሰጡት በገዛ እጃቸው ያስጌጡትን ፍራፍሬ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ቁርጥማት ጣቶቻቸውን ስላሰራቸው፣ በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ብሮናን ለእርዳታ ጠሩ። ብሮናም እየዘለለች ሄደች።

«ሙዙን ወገቡ ላይ ቁረጪውና አቁሚው» አሏት። «ሁለት ዘቢብ ለዓይን፣ አንድ ለአፍ። አየሽ? ጣረሞት ሆነ!»

«ይሄኛው ያንቀላፋ ይመስላል፣ እማማ።»

«እንግዲያው አባትሽ ነዋ! ቅዳሴ ላይ ልክ እንደዚህ ነው የሚሆነው።»

ብሮና ሆዷን ይዛ ሳቀች። የተላጡት መንደሪኖች አናታቸው ላይ ትንሽ አረንጓዴ የቅጠል ዘንግ ተሰክቶላቸው ትናንሽ ዱባዎች መሰሉ። ቀያዮቹ የፖም ቁራጮች በለውዝ ቅቤ ተጣብቀው፣ በመካከላቸው የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ ተደርድሮ፣ ጥርሱን ያገጠጠ አፍ ሆኑ።

«ሎሚውን እንዳትረሺ» አሉ እማማ ዴሊያ። «ካልቀባሽው ይጠቁራል፤ ልጆቹም ይጠየፉታል።»

ብሮና ሎሚውን በእጇ እየጨመቀች እያንዳንዱን ቁራጭ ቀባች። ከዚያ ጠየቀች፤ «እማማ፣ እርስዎ ብቻ ከረሜላ የማይሰጡት ለምንድን ነው?»

የአሮጊቷ እጅ በትሪው ላይ ቆመ።

«ኮልም የሚባል ልጅ ነበረኝ» አሉ በቀስታ። «ስኳር በሽታ ነበረበት። በየደጁ ሲሄድ ‹ለአንተማ አይሆንም› ይሉታል። ክፋት የላቸውም፤ ለእሱ አስበው ነው። ማታ ሌሎቹ ከረጢታቸውን ሲዘረግፉ እሱ እጁን አጣምሮ ያያል። እሱ ካረፈ በኋላ፣ እኔ ደጅ የመጣ ልጅ ሁሉ የሚበላው ነገር ይኑር ብዬ ነው።»

ብሮና ትንሹን ጣረሞት ቀስ ብላ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ፣ ከጓደኞቹ መካከል አስቀመጠችው።

መሸ። ብሮና የቀበሮ ጭምብሏን አጥልቃ ወጣች። ጥግ ላይ የመንደሩ ልጆች ሁሉ ጓደኛዋ ሊሆኑ የሚመኟት ክሎዳ የጠንቋይ ባርኔጣ ደፍታ ቆማለች። ወንድሟ ሎርካን አጽም ሆኗል።

«ቀዩ በር ጋ ደግሞ ልንሄድ ነው?» አለ ሎርካን። «ከረሜላ የማይገኝበት የጥርስ ሐኪም ቤት እኮ ነው! አምና ሙዛቸው ተጨፍልቆ ቸኮሌቴን ሁሉ አበላሸብኝ።»

«ዝም በል፤ ሠራተኛቸው እዚህ አለች» አለች ክሎዳ። «ብሮና፣ ከዚያ ቤት ስትወጪ አይቼሻለሁ። ሽርጡ አምሮብሻል!»

የብሮና ፊት ከጭምብሉ ስር ጋለ። «እኔ? እናቴ አስገድዳኝ ነው! እኔማ ፍሬያቸውን እጠላዋለሁ።»

«እንግዲያው አሳዪን። በሩ ላይ አንቺ ተናገሪ።»

ልጆቼ፣ በዚያች ቅጽበት «አይሆንም» የምትል አንዲት ቃል ትበቃት ነበር። ቃሏም አፏ ድረስ መጥታ ነበር። ብሮና ግን ከእውነት ይልቅ የክሎዳን ጓደኝነት መረጠች።

ቀዩ በር ተከፈተ። እማማ ዴሊያ ትሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ ቆመዋል።

«ኧረ ጠንቋይ መጣችብኝ! ክሎዳ ነሽ፤ አገጭሽን እንደዚያ ሰቅለሽ የምትሄጂ ሌላ ማን አለ? አጽሙ ደግሞ ሎርካን! አንተ ልጅ፣ የጫማህን ክር የምታስረው መቼ ነው?»

ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ። ከዚያ እማማ ዴሊያ ወደ ቀበሮዋ ዞሩ። ክሎዳ ብሮናን በክርኗ ጎሸመቻት።

«ከዚህ ቆሻሻ ሌላ የሚሰጡት የለዎትም?» አለች ብሮና ድምፅዋን አጎርንና። «ይሄንን ለአሳማ ይስጡት!» እጇንም ዘርግታ አንዱን መንደሪን አነሳችና መንገድ ላይ ወረወረችው።

እማማ ዴሊያ የተዘረጋውን እጅ አዩ። ወደ ጭምብሉም ቀና አሉ። «ይህችን አላወቅኋትም» አሉ። «የመንደራችን ልጅ አትመስለኝም።» ቢሆንም ለሦስቱም ከትሪው አንስተው በየከረጢታቸው አኖሩላቸው። በሩንም ድምፅ ሳያሰሙ ዘጉት።

«አላወቁሽም!» ጮኸች ክሎዳ። «እማማ ዴሊያን ያሸነፈ የለም፤ አንቺ አሸነፍሽ!»

ክሎዳና ሎርካንም ፍሬዎቹን መንገድ ላይ ዘረገፏቸው። ብሮናም የራሷን ጣለች። የመንደሩ ልጆች ሁሉ የተመኙትን ድል አግኝታ ሳለ፣ ዞር ዞር እያለች የተዘጋውን ቀይ በር ታይ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ብሮና ከወላጆቿ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ እማማ ዴሊያን መንገዱ ላይ አጎንብሰው አየቻቸው። ሰው እንዳያዳልጠው የተረገጠውን ፍሬ በባልዲ እየለቀሙ ነበር። ብሮና የእናቷን እጅ ለቅቃ ሮጠች።

«እማማ... ቀበሮዋ እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ? ታዲያ ለምን አላወቅኋትም አሉ?»

«እጅሽ ገና ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር።» ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። «ስምሽን ብጠራው ያንን ቃል የተናገረችኝ ብሮና ልትሆን ነው። የማላውቃት የሰው ልጅ ብትሆንልኝ ተሻለኝ።»

ብሮና እንባዋ በጉንጮቿ ወረደ። «ይቅር ይበሉኝ! ስለ ኮልም እያወቅሁ ነው እንደዚያ ያልኩት።»

እማማ ዴሊያ እንባዋን በመሐረባቸው ጠረጉላት። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ የኔ ልጅ። ማታውኑ ይቅር ብዬሻለሁ።»

«ለከርሞ ሁሉንም እኔ እሠራዋለሁ! እርስዎ ቁጭ ብለው ያዩኛል።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፣ በቃኝ። አንቺን ተቀይሜ አይደለም። የልጄ መታሰቢያ መንገድ ላይ ሲረገጥ ሁለተኛ ማየት አልችልም።»

ብሮና በቤተ ክርስቲያን ልብሷ ተንበርክካ የቀረውን ለቀመች። ለእናቷ ሁሉንም ተናዘዘች። ለክሎዳም፣ «ዋሽቼሽ ነበር፤ እማማ ዴሊያን እወዳቸዋለሁ» አለቻት።

ዓመቱ ዞሮ ሃሎዊን መጣ። ብሮና ጭምብል አላጠለቀችም። ከእማማ ዴሊያ ጋር፣ የደጁ መብራት በጠፋበት ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ተቀመጠች። ውጪ የልጆች ሳቅ መጥቶ አለፈ። ከዚያ የአንድ ትንሽ ልጅ ድምፅ ከበሩ አጠገብ ተሰማ።

«እማዬ፣ ለእኔም የሚሆን የሚሰጡበት ቤት አለ ብለሽኝ አልነበር?»

«ነበረ አሉ፣ የኔ ጌታ። ዘንድሮ ግን መብራቱ ጠፍቷል። ና፣ እንሂድ።»

ብሮና ዘላ ተነሳች። በሩን ከፈተችው። ግን ምን ትሰጠዋለች? ትሪው ባዶውን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ልጁም ባዶ ከረጢቱን እያወዛወዘ፣ እናቱን ተከትሎ በጨለማው ውስጥ ራቀ። ብሮና ዞር ስትል እማማ ዴሊያ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ልጆቼ፣ በፍቅር የተሰጠንን ነገር ለጓደኛ ብለን አንናቀው፤ ይቅርታ ብናገኝ እንኳ፣ ያጠፋነው ደስታ ሁልጊዜ አይመለስምና።