አርባ የዋንዛ ቅጠሎች

የዛፍ ተመራማሪዋ የዶክተር ለሊሴ አስከሬን ከጂንካ በላይ ባለው ጫካ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ተገኘ። መሰላሉ አጠገቧ ወድቋል፤ ከራስጌዋ ባለው ቅርንጫፍ ላይ አበባ የሚሸፈንበት የጨርቅ ከረጢት ታስሯል። ላየው ሁሉ ከዛፍ የወደቀች ይመስላል። ሐኪሙ ግን «ከኋላዋ በድንጋይ ተመታለች» አለ።

ኢንስፔክተር ሙሉሽ በዚያው ቀን ዳርጌን አሰረችው። ዳርጌ የአሪ ገበሬ ነው፤ ለሟቿ ዛፍ እየወጣ አበባ ይሸፍንላት ነበር። የንብ ቀፎውን ከዋንዛው ላይ እንዲያወርድ ስታዘው ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሰምቷል። ፖሊስ የተጣላ ሰው ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?

በሦስተኛው ቀን ሙሉሽ ያንን ከረጢት ፈትታ ስታይ ክው አለች። ውስጡ ንብ ሞታለች። በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሄደች።

«ዳርጌ፣ ከረጢቱን የምታስረው መቼ ነው?»

«እንቡጥ ሳለ ነው እንጂ! ከተከፈተማ ንብ ከሌላ ዛፍ ብናኝ አምጥታበት የለ? ዶክተሯ ዛፉ ብቻውን ይወልድ እንደሆን ነው ማወቅ የፈለገችው።»

«ቀፎውስ?»

«በተጨቃጨቅን በማግስቱ አወረድኩት። ከዚያ ወዲያ ምን ቂም አለኝ?»

ከሟቿ ጋር የሚሠሩት ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው። ሾፌሩ ነጋሽ ያን ዕለት ዲመካ ገበያ ነበር፤ ገበያተኛው ሁሉ አይቶታል። ቅጠል እየሰበሰበ ለላቦራቶሪ የሚልከው ጸጋአብ ግን «ከቤት አልወጣሁም» ከማለት በቀር ምስክር የለውም። በሟቿ ጠረጴዛ ላይ ከላቦራቶሪው የመጣ ደብዳቤ ነበር። ሙሉሽ አልገባት ቢል ስልክ ደወለች።

«ከአርባ ዛፍ ተብሎ የተላከልን ቅጠል ሁሉ ዘረመሉ አንድ ነው» አሏት። «ዋንዛን የሚያዳቅለው ንብ ስለሆነ የአንድ እናት ልጆች እንኳ እንዲህ አይመሳሰሉም። ሁሉም ከአንድ ዛፍ የተቀጠፉ ናቸው።»

ሦስቱንም ዋንዛው ሥር ሰብስባ ከረጢት አደለቻቸው።

«ከዚህ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አንድ አንድ አበባ ሸፍኑልኝ» አለች።

ነጋሽ ከረጢቱን መለሰላት፤ «እኔ መኪና እንጂ አበባ አላውቅም።» ጸጋአብ ቶሎ ብሎ አምሮ የፈካውን አበባ ሸፈነ። ዳርጌ በካቴና በታሰረ እጁ ቅጠሉን ገላልጦ እንቡጥ ፈለገ።

«እዚህ ቅርንጫፍ ላይ የፈካ አበባ ከነንቡ ተሸፍኗል» አለች ሙሉሽ። «ለሊሴ እንዲህ አታደርግም፤ ዳርጌም አያደርግም። ስለዚህ ከረጢቱን ያሰረው ገዳዩ ነው፤ ወድቃ እንድትመስል። ነጋሽ አልነበረም። ጸጋአብ፣ አንተ ግን ቅጠል እንጂ አበባ ነክተህ አታውቅም። አርባ ዛፍ፣ በየመቶ እርምጃው ተራርቆ፣ ገደል ለገደል መውጣት መውረድ ነበረብህ። አንዱን ዛፍ ቀጠፍክና አርባ ስም ሰጠኸው። ደብዳቤው ሲመጣ ደረሰችብህ።»

ጸጋአብ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ነገ ለኃላፊዎቹ እናገራለሁ አለችኝ። ለመንኳት። ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሙሉሽ የዳርጌን ካቴና ፈታች። አፍራ ነበር።

«አቶ ዳርጌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነፃ ነዎት፤ ቤትዎ ይግቡ።»

ዳርጌ ንቅንቅ አላለም።

«እኔስ እገባለሁ። ልጆቼን ግን ሦስት ቀን ሙሉ የገዳይ ልጆች ሲሏቸው ሰነበቱ። ለሰፈሩ ማን ይንገርልኝ? እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?»

«እኔው እነግራለሁ። በየቤቱ።»

አብረው ወረዱ። የመጀመሪያው በር ላይ ደርሳ አንኳኳች።